ከሚሞሪ ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ፦ የጥናት ድካማችንን እንዴት እናቆየው?

ከመካከላችን ብዙዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚሆን መረጃ ለመሰብሰብ በየጊዜው ወደየአገሩ ይበተናሉ። አንዱ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ መቅጃ ይቀዳል፤ ሌላው ጎርፍ የሸረሸረውን ማሳ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሌላዪቱ ደግሞ የሠርግ ወይም የለቅሶ ሥርዐት በቪዲዮ ትቀርጻለች። ይህ ሁሉ ድካም ተጠቃሎ የሚገባው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ አንድ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነው። መጽሐፍ ቢጠፋ ከቤተ መጻሕፍት ሌላ ቅጂ ይፈለግ ይሆናል። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የተናገሩት ቃል ግን ሁለተኛ ቅጂ የለውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰን ብንሄድ አዛውንቱን ላናገኛቸው እንችላለን።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ካሜራውም ሆነ ድምፅ መቅጃው ብዙውን ጊዜ የራሳችን አለመሆኑ ነው። ከትምህርት ክፍል ወይም ከጓደኛ የተዋስነው ዕቃ በተባለው ቀን መመለስ አለበት፤ ካርዱም ለቀጣዩ ተረኛ ባዶ ሆኖ ይፈለጋል። ስለዚህ ካርዱን ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ በጥድፊያ፣ ብዙ ጊዜም በምሽት የሚሠራ ሥራ ሆኗል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው፤ ልዩነቱ ከካርድ የፈሰሰ ሁልጊዜ የማይለቀም መሆኑ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህማ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው፤ ኮፒ፣ ፔስት፣ አለቀ» ይሉ ይሆናል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ግን አደጋ እንዳይኖረው አላደረገም። በዚህ ጽሑፍ የምንዘረዝረው አዲስ ዕቃ የሚያስገዛ አይደለም፤ ላፕቶፕ፣ ካርድ ሪደርና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላለው፣ ወይም ለሚዋስ ሁሉ የሚሆን ነው።

ሀ/ ካርዱ አገልግል ነው፤ ጎተራ አይደለም

ፍላሽ የተባለውን የሚሞሪ ዐይነት የፈለሰፉት በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ዛሬ በካርዶቻችን ውስጥ ያለው ናንድ የሚባለው ዐይነት ለዓለም የቀረበው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ነው። ኤስዲ የሚባለውን ካርድ ደግሞ ቶሺባ፣ ሳንዲስክና ማትሱሺታ (ዛሬ ፓናሶኒክ የሚባለው) በ1999 በኅብረት አወጡት።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በካርዱ ውስጥ እጅግ ብዙ የሆኑ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ከማያስተላልፍ ሽፋን ጀርባ ታፍኖ ይቀመጣል። ሙሉ መኖሩና አለመኖሩ፣ ወይም መጠኑ፣ እንደ ፊደል ይነበባል። ሽፋኑ ሙሉ እንዳያመልጥ ስለሚያግደው ካርዱ ከካሜራው ቢወጣም የያዘውን አይረሳም። ነገር ግን ሽፋኑ በተጻፈበትና በተሰረዘበት ቁጥር ጥቂት በጥቂት ያረጃል፤ ሙሉም በዓመታት ብዛት እየሾለከ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ክፍሎቹን የምታዛት ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ ከተበላሸች የተጻፈው ሁሉ ሳይጠፋ የሚነበብበት መንገድ ይጠፋል።

ስለዚህ ካርዱን እንደ አገልግል ብናየው ይሻላል። አገልግል ለመንገድ ነው፤ እህል ለዓመት የሚቀመጠው በጎተራ ነው። ጎተራችን ሃርድ ዲስኩ ነው። ይህን ስንል ግን ጎተራው አይጥ የለበትም ማለታችን አይደለም። በብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች ውስጥ መግነጢሳዊ ቅብ ያላቸው ሳሕኖች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ፤ የምታነበው ጫፍም ሳሕኑን ሳትነካ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ላይ ትንሳፈፋለች። ዲስኩ እየሠራ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ጫፏ ሳሕኑን ልትፍቀው ትችላለች። ኤስኤስዲ የሚባለው ዐይነት የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ውድቀትን ይችላል፤ ግን እርሱም ፍላሽ ስለሆነ ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ እንዲቀመጥ አይመከርም።

ለ/ ለምን ይዘገያል?

መረጃው ከካርዱ ተነሥቶ በካርድ ሪደሩ፣ በላፕቶፑና በገመዱ አልፎ ዲስኩ ላይ ያርፋል። የምግብ አዳራሽ ውስጡ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ሰልፉ የሚሄደው በበሩ ስፋት ልክ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ጠባብ ከሆነ የሁሉም ፍጥነት የእርሱ ፍጥነት ይሆናል።

በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ያሳልፋል ይባላል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 60 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር ግን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ካገኘን ደኅና ነው። በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 በሴኮንድ እስከ 5 ጊጋቢት ያደርሳል፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ መሰኪያው ከውስጥ ሰማያዊ ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። እንግዲህ 64 ጊጋባይት የሞላ ካርድ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት ቢያልፍለት 53 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 80 ሜጋባይት ቢያልፍለት ግን በ13 ደቂቃ ያህል ያልቃል። ከመጀመራችን በፊት ይህን ማስላት ይጠቅማል፤ ዕቃው የሚመለሰው 11 ሰዓት ላይ ከሆነ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመር ሥራውን ለዕድል መስጠት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር እናስረዳ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ካርድ በዊንዶውስ ላይ 59.6 ያህል ሆኖ ይታያል። ነጋዴው አላጭበረበረም፤ ፋብሪካው በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። 

ሐ/ የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ/ ካርዱን መቆለፍ። በትልቁ ኤስዲ ካርድ ጎን ላይ ትንሽ ተንሸራታች መቆለፊያ አለች። ትንሹ ማይክሮ ካርድ ከሆነ መቆለፊያዋ ያለችው በሚገባበት አዳፕተር ላይ ነው። ከመሰካታችን በፊት ከቆለፍናት ኮምፒዩተሩ ከካርዱ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ በስሕተት መሰረዝንም ሆነ ቫይረስን ይከለክላል። መቆለፊያዋ የምትሠራው ግን ካርድ ሪደሩ ሲታዘዝላት ብቻ ስለሆነ ሙሉ እምነታችንን አንጣልባት።

2ኛ/ ኤሌክትሪኩን ማሰብ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚወስደው ትንሹ ሃርድ ዲስክም አብሮ ይቀጥላል። የራሱ የግድግዳ ገመድ ያለው ትልቁ ዲስክ ግን በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪውን አስቀድመን እንሙላ፤ የሚቻል ከሆነ በትንሹ ዲስክ እንጠቀም፤ ላፕቶፑም በመካከሉ እንዳያንቀላፋ ማስተካከያው ውስጥ ገብተን ስሊፕ የሚለውን እናጥፋ።

3ኛ/ የዲስኩን አሰናዳድ ማየት። ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው ሥርዐት ፎርማት የተደረገ ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ቪዲዮ ያለው ሰው ባዶ ቦታ እያየ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚል መልስ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን ማክ ኮምፒዩተሮች እንደተገዙ ያነቡታል እንጂ አይጽፉበትም። ለሁሉም የሚስማማው ኤክስፋት ነው። ነገር ግን ፎርማት መለወጥ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ የጋራ ዲስክ ከሆነ የሌላው ጓደኛ ሥራ አብሮ እንዳይጠፋ አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው።

4ኛ/ ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ ፎልደር። ካሜራዎች ለፎቶግራፎቻቸው የሚሰጡት ስም አራት ፊደልና ከ0001 እስከ 9999 የሆነ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይነሣል፤ በሌላ ካሜራ የተነሣውም ተመሳሳይ ስም ሊኖረው ይችላል። ሁለት ካርዶችን በአንድ ፎልደር ላይ ብንደርብ ኮምፒዩተሩ «በነበረው ፋንታ ልተካው?» ብሎ ይጠይቀናል። ደክሞን «አዎ» ካልን የሐሙሱ ፎቶግራፍ የሰኞውን ውጦት ይቀራል።

5ኛ/ ኮፒ እንጂ ከት አይደለም። ከት ስናደርግ ኮምፒዩተሩ ፋይሉን ወደ ዲስኩ ከገለበጠ በኋላ ከካርዱ ላይ ይሰርዘዋል። ገመዱ በመካከል ቢነቀል ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆናል፤ የተገለበጠው ቢበላሽም የምንመለስበት ምንጭ የለንም። ኮፒ ስናደርግ ግን ካርዱ እንዳለ ይቆያል።

6ኛ/ ሙሉውን መውሰድ። የቪዲዮ ካሜራዎች ከምስሉ ጋር የሚያያዙ ትንንሽ ፋይሎችን በየንዑስ ፎልደሩ ያስቀምጣሉ። የሚያስፈልገንን ብቻ እየመረጥን ከለቀምን በኋላ ላይ ቪዲዮው ተቆራርጦ ሊታይ፣ ወይም የተቀረጸበትን ሰዓት ሊያጣ ይችላል። ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ እንደ አደራደሩ እንገልብጥ፤ ምርጫውን በኋላ በቅጂው ላይ እንሥራ።

7ኛ/ በሥርዐቱ ማውጣት። ኮምፒዩተሩ «ጨረስኩ» ሲል አንዳንድ ጊዜ የመጨረሻው ክፍል ገና በራሱ ጊዜያዊ ሚሞሪ ውስጥ ነው። ኢጄክት የሚለውን ተጭነን «አሁን ማውጣት ይቻላል» እስኪለን መጠበቅ ያ የቀረው ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ 10 ከ2018 ወዲህ ይህን ጊዜያዊ ማቆያ ለተንቀሳቃሽ ዲስኮች እንዲቀንስ ሆኖ ተሠርቷል፤ ቢሆንም ጥቂት ሴኮንድ መታገሥ አይጎዳም።

መ/ ደረሰ ወይ?

አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተራ ኮፒ ፋይሉን ይጽፋል እንጂ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ከምንጩ ጋር አያስተያይም። ደብዳቤ ፖስታ ቤት መስጠትና ደብዳቤው መድረሱን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርዱን ባዶ ከማድረጋችን በፊት ቢያንስ ሦስት ነገር እንመርምር።

መጀመሪያ፣ በሁለቱም በኩል የፋይሎቹን ቁጥርና የባይቱን ድምር ማስተያየት ነው። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርገን ፕሮፐርቲስ ስንል ሁለቱም ይታያሉ። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያ፣ ከመካከልና ከመጨረሻ ጥቂት ፋይሎችን ከዲስኩ ላይ ከፍቶ ማየት ነው፤ ድምፅ ከሆነ ጅማሬውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም መስማት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ጠንካራው ሃሽ የሚባለው ነው። ሃሽ ከፋይሉ በሒሳብ የሚወጣ ማኅተም ነው። ሻ 256 በሚባለው ስሌት የአንድ ፋይል ማኅተም 64 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። በሦስት ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ ማኅተሙ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የካርዱና የዲስኩ ማኅተም አንድ ከሆነ ፋይሉ አንድ ነው። በዊንዶውስ ፓወርሼል ውስጥ ጌት ፋይልሃሽ የሚባል ትእዛዝ ይህን ያወጣል፤ በሊኑክስና በማክም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለ። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው ቴራኮፒን የመሰለ፣ ከገለበጠ በኋላ ራሱ የሚያመሳክር ፕሮግራም መጠቀም ይችላል።

ሠ/ ስምና ቀን

ከሁለት ዓመት በኋላ «አዲስ ፎልደር 3» የሚል ስም ምን እንደያዘ ማን ያስታውሳል? ፎልደሩ ቀኑን፣ ቦታውንና የሥራውን ዐይነት ይናገር። ቀኑን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ተራ ብንጽፈው ኮምፒዩተሩ ራሱ በየጊዜው ቅደም ተከተል ይደረድርልናል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። የጥምቀት በዓል ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲቀረጽ ካሜራው የሚጽፈው 2025-01-19 ብሎ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓትም ለካሜራው 8 ሰዓት ነው። ማስታወሻ ደብተራችን በአንዱ፣ ፋይሎቻችን በሌላው ከተጻፉ ማን መቼ እንደተናገረ ማገናኘት ራሱን የቻለ ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ከአንዱ አቆጣጠር ጋር እንጽና፤ የትኛው እንደሆነም በፎልደሩ ውስጥ በአጭር ጽሑፍ እናስቀምጥ። የካሜራው ሰዓት ትክክል መሆኑንም ጉዞ ከመጀመራችን በፊት እናረጋግጥ።

ረ/ አንድ ቅጂ ቅጂ አይደለም

ፒተር ክሮግ የተባሉ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቁት አንድ ደንብ አለ፤ 3-2-1 ይባላል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዐይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከሌሎቹ በራቀ ቦታ ይሁን ማለት ነው። ላፕቶፑና ሃርድ ዲስኩ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆኑ ሌባ አንድ ጊዜ እጁን ሲዘረጋ ሁለቱንም ያገኛል።

የዚህን ጥበብ ከራሳችን ታሪክ መማር እንችላለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት በተጀመረ ጊዜ የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካን አገር በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ዝርዝራቸውን ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ከዚያም የጦርነት ዓመታት ተከተሉ። እንዲህ ባለው ዘመን ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ትርፍ ጥንቃቄ አልነበረም።

ለእኛ ሦስተኛው ቦታ የት ይሁን? የጓደኛ ሃርድ ዲስክ በሌላ ሕንፃ፣ የቤተሰብ ቤት፣ ወይም ኢንተርኔት ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም ለራሳችን የምንልክ ከሆነ ፎቶግራፉን «እንደ ፋይል» ብለን እንላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላክነው ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ነገር ግን ሰዎች በእምነት የነገሩን ነገር በውስጡ ካለ ወደ ውጭ ከመላካችን በፊት ፈቃዳቸውን እናስብ። ዲስኩንም በምስጢር ቃል መቆለፍ ይቻላል። የተናጋሪው ክብር ከውጤታችን ይበልጣል።

ሰ/ ጅብ ከሄደ በኋላ

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ሊደርስ ይችላል። ፋይል ሲሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በማውጫው ላይ ያለው ስሙና አድራሻው ነው፤ ይዘቱ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ካርዱን ወዲያው አውጥቶ ሌላ ፎቶ አለማንሣት ነው። ከዚያ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መፈለግ ይቻላል፤ የተገኘውንም በዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሌላው በየኮፒ ቤቱ የምንለክፈው፣ ፎልደሮችን በሾርትከት የሚተካው ቫይረስ ነው። ዲስኩን ከፍተን የማናውቀው ሾርትከት ብቻ ስናይ ሁሉም የጠፋ ይመስለናል፤ ደንግጦ ፎርማት የሚያደርግም አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቋቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቱን ሳንጫን፣ በንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ ብንለው ይገኛሉ።

ሸ/ የጋራ ሥራ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለአንድ ተማሪ ከባድ ቢመስል በኅብረት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሃርድ ዲስክ ይግዛ ማለት ዘበት ነው፤ አምስት ሆኖ አንድ መግዛት ግን ይቻላል። በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ በየትምህርት ክፍሉ ከካሜራው ጋር አንድ መዝገብ ይቀመጥ። በመዝገቡ ላይ የካርዱ ቁጥር፣ የተገለበጠበት ቀን፣ የፋይሎቹ ቁጥር፣ የገለበጠው ሰው ስምና ያመሳከረው ሰው ስም ይጻፍ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም፤ የደከመ ዐይን የራሱን ግድፈት አያይም። ሁለት ፊርማ ያልሰፈረበት ካርድ ለማንም ተረኛ ፎርማት አይደረግ።

ይህ ከአንድ ገጽ ወረቀትና ከሩብ ሰዓት ጊዜ በላይ አያስወጣም። በሌላ በኩል የሚያድነው የአንድ ዓመት ድካም፣ ከዚያም በላይ ጊዜያቸውንና ቃላቸውን በነፃ የሰጡንን ሰዎች አደራ ነው። እነርሱ አንድ ጊዜ ተናግረዋል፤ ሁለተኛ እንዲናገሩ ለመጠየቅ መብቱም ዕድሉም ላይኖረን ይችላል።